ጠረጴዛና ትራፒዞይድ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተሠራው የጎርፍ መከላከያ የአፈር ግድብ በአግድም ተቆርጦ ቢታይ፣ አናቱ ጠበብ፣ እግሩ ሰፋ ያለ ባለአራት ጎን ቅርጽ ይወጣዋል። ጥቁር ውኃ የሚገባበት፣ ወንዝ ግን የማይወጣበት ይህ ሐይቅ በሞላ ጊዜ ከተማውን የሚጠብቀው ይኸው ቅርጽ ነው። እኛ መሐንዲሶች በንድፋችን ላይ «ትራፒዞይድ» እንለዋለን። ቃሉ ያልገባው ሠራተኛ ግን ተዳፋቱን ቀጥ አድርጎ የቆረጠው እንደ ሆነ አፈሩ ይናዳል። ስለዚህ የቃሉን ታሪክ መመርመር የቋንቋ ሊቃውንት ተግባር ብቻ አይደለም።

የቃሉ ሥር የጥንቱ የግሪክ «ትራፔዛ» ነው፤ ትርጉሙም «ባለአራት እግር»፣ ማለት ገበታ ነው። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ካሬ፣ ሬክታንግል፣ ሮምበስ ወይም ሮምቦይድ ያልሆነውን ባለአራት ጎን ሁሉ «ትንሽ ገበታ» ሲል ሰየመው። በ5ኛው ምእተ ዓመት ከልደት በኋላ ፕሮክሎስ ሁለት ትይዩ ጎን ያለውን «ትራፔዚዮን»፣ ትይዩ ጎን የሌለውን «ገበታ መሰል»፣ ማለት ትራፒዞይድ ብሎ ለየ። እ.ኤ.አ. በ1795 የታተመው የእንግሊዛዊው ቻርልስ ኸተን የሒሳብ መዝገበ ቃላት ግን ሁለቱን ስሞች አለዋወጣቸው። እንግሊዞች ኋላ ወደ ቀድሞው ሲመለሱ አሜሪካውያን በተለወጠው ጸኑ። በትምህርት ቤት «ትራፒዚየም» ያልነው ቅርጽ በአሜሪካ የሃይድሮሊክስ መጻሕፍት «ትራፒዞይድ» ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ይሁንና ቃሉ ለእኛ ባዕድ አይደለም። «ጠረጴዛ» የምንለው ራሱ «ትራፔዛ» ነው። ግእዝ የግሪክን ቃላት ሲቀበል «ተ»ን በ«ጠ»፣ «ፐ»ን በ«ጰ» ይተካ ነበር፤ ፔትሮስ «ጴጥሮስ»፣ ፓራክሌቶስ «ጰራቅሊጦስ» የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። ጠረጴዛም ሁለቱንም ፊደላት ይዞ ይገኛል። በዘመናችን በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል የደረሱን «ቴክኒክ» እና «ፖለቲካ» ግን በ«ተ»ና በ«ፐ» ይጻፋሉ፤ ትራፒዞይድም ከእነዚህ ወገን ነው። ስለሆነም ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ሲሆኑ፣ በየትኛው መንገድ እንደ ገቡ ፊደላቸው ይመሰክራል።

እንግዲህ በሥራ ቦታ «እግሮቹ ወደ ውጭ የተንሰራፉ ጠረጴዛ» ብንል ቃሉን አላዋረድነውም፤ ወደ ጥንተ ትርጉሙ መለስነው እንጂ። በሰነዶቻችንም ከስሙ ጎን ሥዕሉንና የተዳፋቱን ልክ እናስፍር። ስሙ በየአገሩ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ ግድቡን የሚያቆመው ግን ልኩ ነው።