የጠባይ ቃላት ቆጠራ

የኪስ ሒሳብ መኪና ከመምጣቱ በፊት መሐንዲስ ሁሉ ከጠረጴዛው የማይለየው ስላይድ ሩል፣ የቁጥርን ኃይልና ሥር በቀላሉ ለማውጣት የሚያስችል መስመር ነበረው። ይህን መስመር የፈለሰፈው ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ የሥራው መግለጫ በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1815 ዓ.ም. ታትሟል። ይሁን እንጂ ዓለም ሮዤን የሚያስታውሰው በዘንጉ ሳይሆን የ73 ዓመት አዛውንት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1852 ዓ.ም. ባሳተመው የቃላት መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ ቃላትን በፊደል ተራ ሳይሆን በትርጉም ዝምድና፣ በ1,000 አርእስት ሥር ደልድሎ የሚያቀርብ ነበር። የሰውን ጠባይ ለመግለጽ የሚያገለግሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ቆጠራም የተጀመረው ከዚሁ መጽሐፍ ላይ ነው።

ቆጣሪው ፍራንሲስ ጎልተን ይባላል። ሰውን እንደ ከብት ዘር መርጦ ማራባት ይገባል የሚለውን የማያስከብር ሐሳብ ስም ሰጥቶ ያስፋፋው እርሱ ቢሆንም፣ በመለካትና በመቁጠር በኩል ብልኀቱ የሚካድ አይደለም። ጎልተን እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም. የሮዤን መጽሐፍ ማውጫ ገጾች በናሙና መርምሮ፣ ጠባይን የሚገልጹት ቃላት ቢያንስ 1,000 እንደሚሆኑ ገመተ። እያንዳንዱ ቃል የራሱ የሆነ ጥቂት ትርጉም ይዞ፣ የቀረውን ከጎረቤቶቹ ጋር እንደሚጋራም አስተዋለ። እንግሊዝኛን የሚማር ሰው ዛሬም የሚደክመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥራው ከፍጻሜ የደረሰው ግን ከ52 ዓመት በኋላ በአሜሪካ ነው። የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሆኑት ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. የታተመውን ታላቁን የዌብስተር መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር አበጥረው፣ አንዱን ሰው ከሌላው ለመለየት ያገለግላሉ ያሏቸውን 17,953 ቃላት ለቀሙ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. አሳተሙ። ቃላቱን በአራት ረድፍ ከፈሏቸው። በመጀመሪያው ረድፍ በሰውዬው ላይ ጸንተው የሚኖሩ ጠባዮችን የሚያመለክቱ 4,504 ቃላት ገቡ። በሁለተኛው መጥተው የሚሄዱ ስሜቶችንና ሁኔታዎችን የሚገልጹ 4,541፣ በሦስተኛው 5,226፣ ከሦስቱም ያልገጠሙት 3,682 ደግሞ በአራተኛው ተመዘገቡ።

ከአራቱ ሰፊው ሦስተኛው ረድፍ መሆኑ ሊታለፍ አይገባም። በዚህ ረድፍ የተሰበሰቡት ቃላት የምስጋናና የነቀፌታ ቃላት ናቸው። ስለ ተነገረለት ሰው ከሚሰጡት ዕውቀት ይልቅ የተናጋሪውን ፍርድ ይነግሩናል። «የተከበረ»፣ «የማይረባ» የሚሉት ዓይነት ቃላት ብዙ ጊዜ የሚመደቡት እዚህ ነው። የሰው ልጅ ባልንጀራውን ከመግለጽ ይልቅ መፍረድ እንዴት እንደሚቀናው፣ ሁለቱ ሊቃውንት ሳይሰብኩ በቁጥር አሳዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የማሳጠር ታሪክ ነው። ሬይመንድ ካቴል እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. 4,504ቱን ቃላት መነሻ አድርጎ ወደ 171፣ ቀጥሎም ወደ 35 የቃላት ጭፍራ አወረዳቸው። እስከዚህ ድረስ እንዲቀንስ ያስገደደው ሳይንሱ ብቻ ሳይሆን የስሌት አቅም ማነስም ነበር፤ በዚያ ዘመን የዝምድና ሒሳቡ በአብዛኛው በእጅ ይሠራ ነበርና። የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪዎች የነበሩት ኧርነስት ቱፕስና ሬይመንድ ክሪስታል ደግሞ ስምንት የተለያዩ የመረጃ ስብስቦችን መርምረው፣ በሁሉም ተደጋግመው የሚታዩ አምስት መደቦች እንዳገኙ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ጻፉ። ጽሑፋቸው የጦር ክፍል ቴክኒካዊ ሪፖርት ሆኖ በመቅረቱ ለብዙ ዓመታት አንባቢ አጣ። «ታላላቆቹ አምስት» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሉዊስ ጎልድበርግ ሲሆን ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ነው። ሆኖም እነዚህ መደቦች የእንግሊዝኛ ናቸው ወይስ የሰው ልጅ ሁሉ የሚለው ጥያቄ አልተዘጋም። በኬንያና በታንዛኒያ በሚነገረው በማሳዮች ቋንቋ በማኣ፣ እንዲሁም በማሊ በሚነገረው በሱፒሬ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት፣ አምስቱን መደቦች እንዳሉ አላገኛቸውም።

ይህ ሁሉ ለሊቃውንቱ ነው። ቋንቋውን ለሚማረው ምን ቀረበለት? ቻርልስ ኦግደን እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. ለባዕዳን ይበቃል ብሎ 850 ቃላት ብቻ ያሉት እንግሊዝኛ አዘጋጀ። ከእነዚህ ውስጥ ቅጽሎቹ 150 ናቸው። «ኤላስቲክ»፣ «ኤሌክትሪክ»፣ «ፓራለል» የሚሉት ቦታ ሲያገኙ፣ ሐቀኛ፣ ደፋር፣ ሰነፍ፣ ታጋሽ ለማለት የሚያገለግሉት የተለመዱ ቅጽሎች አልገቡም። ዝርዝሩ ለፋብሪካ ይበቃ ይሆናል፤ የፋብሪካውን ሠራተኛ ለመግለጽ ግን አይበቃም።

በአገራችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ እንደ መሆኑ፣ ምሩቁ መሐንዲስ የኮንክሪትንና የብረትን ባሕርይ በዚያ ቋንቋ ሲተነትን አይቸገርም። ለአንድ ወጣት የሥራ ባልደረባ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍ ሲባል ግን ብዕሩ ይቆማል። አማርኛ ጠባይን በአካል ክፍል መናገር ይወዳል፤ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ልበ ሙሉ፣ ዓይነ አፋር ይላል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቃል በቃል ቢመለሱ ለእንግሊዙ የሐኪም ማስታወሻ ይመስሉታል። አንገተ ደንዳና የሚለው በሁለቱም ቋንቋዎች መግባባቱ፣ ሁለቱም ከዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ የወረሱት በመሆኑ ነው። መሐንዲሱን ደስ የሚያሰኙ ቃላትም አሉ። «ቴምፐር» የሰው የቁጣ ስም ሲሆን፣ የጠነከረ ብረት እንዳይሰበር እንደገና በልክ አሙቆ ማለዘብም በዚሁ ቃል ይጠራል። የሰውን ወኔ የሚያመለክተው «ሜትል»ም ብረታ ብረት ከሚባለበት ቃል ጋር አንድ ነበር፤ በኋላ በአጻጻፍ ብቻ ተለያዩ።

ወጥመዱም አይጠፋም። «ሴንሲብል» አስተዋይ ማለት ሲሆን «ሴንሲቲቭ» ስሜቱ ቶሎ የሚነካ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ የተማረው ደግሞ ይብስ ይሳሳታል፤ በዚያ ቋንቋ የመጀመሪያው ቃል የሁለተኛውን ትርጉም ይይዛልና። ከሁሉ የከፋው ግን ጭምት የሚለው ነው። ጭምት በእኛ ዘንድ አንደበቱን የገታ፣ የታረመ ሰው ምስጋና ነው። ደብዳቤ ጸሐፊው በትምህርት ቤት ያወቀውን ቀላል ቃል አንሥቶ «ሻይ» ብሎ ቢጽፈው፣ ባሕር ማዶ ያለው መራጭ የሚያነበው ሰው ፊት መቆም የማይችል፣ በስብሰባ ሐሳቡን የማያስረዳ ሰው አድርጎ ነው። ወጣቱ ደብዳቤው በፖስታ ታሽጎ የሚላክ በመሆኑ አያየውም፤ ጸሐፊውም አመስግኖት እንደ ላከ ያምናል።