ከቦሩ ሜዳ እስከ ጀፎረ
የተከፈለ ሃይማኖት ይጠነክራል ወይስ ይደክማል?

ከወልቂጤ ተነስቶ በእምድብር አድርጎ ወደ ሆሳዕና የሚዘልቀው መንገድ ጉንችሬን አቋርጦ ያልፋል። በእኖር የምትገኘው ጉንችሬ እንደ ሌሎቹ የሰባት ቤት ጉራጌ ከተሞች ሁሉ አዛንና የቅዳሴ ደወል አብረው የሚሰሙባት ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከጉራጌ ዞን ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ሙስሊም፣ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ የቀረው በአብዛኛው ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ ነበር። ቁጥሩ ሳይነግረን የቀረ ነገር ግን አለ። እነዚህ ሰዎች ሰፈር ለይተው የሚኖሩ አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ጎሳ፣ አንዳንዴም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አያት በነባሩ አምላክ በዋቅ ስም ሲምል የኖረበት፣ አባት ክርስትና የተነሳበት፣ አጎት የሰለመበት፣ የአጎት ልጅ ደግሞ «ጌታን የተቀበለበት» ቤተሰብ በዚህ አገር ብርቅ አይደለም።

ሃይማኖት ሲከፋፈል ይጠነክራል ወይስ ይደክማል የሚለው ክርክር ታዲያ ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የመጽሐፍ ጥያቄ ሊሆንበት አይችልም፤ በየሰርጉና በየልቅሶው ይገጥመዋል። የኢትዮጵያ ታሪክም ጥያቄውን ደጋግሞ አንስቶታል። እኔ ከታሪኩ የምረዳው ጉዳቱም ጥቅሙም ከመከፋፈሉ እንደማይመነጭ ነው። ወሳኙ ክርክሩን ማን ዳኘው የሚለው ነው፤ የጉባኤ ሊቃውንት ወይስ ሰይፍ የያዘ መንግሥት?

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከእሑድ ጋር ቅዳሜም እንደ ሰንበት ይከበር ብለው ተነሱ። ይህ ከእስክንድርያ መንበር አቋም ጋር የሚጋጭ ነበርና ተገፉ፤ አገራቸውን ለቀው ተሰደው በአርመን አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከክህነት ታገዱ፣ ከቤተ መንግሥት ተባረሩ። የተገፉት መነኮሳት ግን ተበትነው አልቀሩም። ወደ ሰሜን ወጥተው ገዳም ገደሙ፣ መሬት አቀኑ፣ ሕዝብ አስተማሩ። አባ ፊልጶስ የመሠረቱት ደብረ ቢዘን እስከ ዛሬ አለ። መቶ ዓመት ያህል ከቆየ መለያየት በኋላ በ1442 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠሩ። ሁለቱ ግብጻውያን ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት የቅዳሜ ሰንበት ታወቀ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ክህነቱን ተቀብለው ወደ አንድነቱ ተመለሱ። ተገፍቶ የኖረው ወገን ሐሳቡን ይዞ ገባ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በእርሱ የተዘረጋውን ገዳምና ምእመን አተረፈች። መከፋፈል ሃይማኖትን አጠነከረ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ነገር ግን ያው ንጉሥ፣ በዚያው ዘመን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስን እንዴት እንዳስተናገዳቸው መርሳት የለብንም። ለንጉሥ አንሰግድም፣ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕልም እንዲሁ ያሉት እነዚህ መነኮሳት ተገረፉ፣ አካላቸው ጎደለ፣ ተገደሉ። በትግራይ የነበሩበት የጉንዳ ጉንዴ ገዳም በብራና መጻሕፍቱና በሥዕሎቹ ምን ያህል ዕውቀት እንደነበራቸው ይመሰክራል። ይህን ሁሉ የያዘ ወገን በጉባኤ ሊደመጥ ሲገባው በቅጣት ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክ እምነት ተከታይነታቸውን በይፋ አወጁ። አስቀድሞ ኢየሱሳዊው (ጀስዊቱ) ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በትዕግሥትና በትምህርት የሠራውን በኋላ የመጣው የዚያው ማኅበር ሰው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በትእዛዝ ሊያስፈጽመው ተነሳ። ካህናት እንደገና ይካኑ ተባለ፣ ምእመናን እንደገና ይጠመቁ ተባለ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ተከለከሉ። ገበሬው ከላስታ እስከ ጎጃም አመፀ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ የወደቀው ሰው 8 ሺህ ገደማ እንደነበር ይነገራል፤ ገዳዩም ሟቹም ያገሬው ክርስቲያን ነበር። ሱስንዮስ ያን ካዩ በኋላ «የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ» ብለው አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ኢየሱሳውያኑ ቢባረሩም የጫሩት ክርክር አገር ውስጥ ቀረ። የእነርሱን ጥያቄ ለመመለስ የተነሱ ሊቃውንት በምሥጢረ ሥጋዌ ላይ፣ በተለይም ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን እንዴት እንረዳዋለን በሚለው ላይ ተለያዩ። ጎጃም ቅባት የተባለው ትምህርት መናኸሪያ ሆነ፤ ደብረ ሊባኖስ የጸጋ ወይም የሦስት ልደት ወገን ሆነ፤ ካራ የተባለው የተዋሕዶ ትምህርት በትግራይ ጸና። ከፋሲለደስ ጀምሮ ነገሥታት በየተራ ጉባኤ ጠሩ፤ አንዱ ቅባትን ሲደግፍ ተከታዩ ጸጋን ይደግፋል፣ የተረታው ወገን ይሰደዳል። በዘመነ መሳፍንት ደግሞ የየአገሩ መስፍን ከሠራዊቱ ጋር የሃይማኖት ጎራም ነበረው። የጎንደር ዘመን የቅኔና የትርጓሜ ትምህርት በዚህ ክርክር እንደ ተሳለ እኔ አልጠራጠርም፤ ተከራካሪ ያለው ሊቅ መጽሐፉን ጠንቅቆ ማወቅ ግዴታው ነበር። ሆኖም የመሳፍንቱ ጦር ከሊቃውንቱ ጀርባ በቆመ ቁጥር ክርክሩ ከትምህርት ወደ ደም ወረደ።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ይዘው በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው በካራ፣ ማለትም በተዋሕዶ አሸናፊነት ተጠናቀቀ፤ በሸዋ ብዙ ተከታይ የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። የክርስቲያኑ ክርክር በዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። አንድ አገር አንድ ሃይማኖት የሚለው ሐሳብ ግን የወሎን ሙስሊሞችም ነካ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ሌላው የወሎ ገዥ አባ ዋጠውም ክርስትና ተነሱ። ተራው ሰው ግን ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ መጠመቅ ወይም መሰደድ። ብዙዎች ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ፤ ሌሎች ተሰደዱ። የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያኒቱን አንድ አደረገ፤ በግድ የተጠመቁት ሰዎች ልጆች ግን አብዛኞቹ ወደ እስልምና ተመለሱ። የቅባት ትምህርትም በምሥራቅ ጎጃም እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል። በዐዋጅ የተገኘ አንድነት ዕድሜው ምን ያህል እንደሆነ ወሎና ጎጃም ያሳዩናል።

የቦሩ ሜዳ ማዕበል ጉራጌንም ደርሶታል። ቀቤናዊው ሐሰን ኢንጃሞ በእስልምና ስም ጦር አሰልፈው ከወልቂጤ ዙሪያ ተነስተው የምኒልክን ሠራዊት ሲቋቋሙ ቆዩ፤ በ1881 ዓ.ም. በጀብዱ ሜዳ በራስ ጎበና ተሸነፉ። ሰባት ቤት ከዚያ በኋላ ለሸዋ ገበረ። ክርስትና ለጉራጌ አዲስ አልነበረም፤ የምሁር ኢየሱስ ገዳምና የሶዶ ምድረ ከብድ ከዚያ እጅግ ይቀድማሉ። በእኖርና በቸሃ ግን አብዛኛው ሰው ያኔም የሚማፀነው ዋቅን፣ የመብረቁን ጌታ ቦዣንና ሴቶች የሚያከብሯትን ደሟሟይትን ነበር። የቦዣ ምልክት የቆመበትን እንሰት ሌባ አይደፍረውም፤ አንትሮፖሎጂስቱ ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፉ የእነዚህን አምልኮዎች ሥርዓት በሰፊው ገልጾታል።

ከአዲሱ ገዥ ጋር የገባው ክርስትና ከገባርነት ጋር ስለተያያዘ ብዙ ሰው በሌላ በር ገባ። በቸሃ የተነሱት የአብሬት ሼኾች ቃዲሪያ በተባለው የሱፊ መንገድ እስልምናን በሰባት ቤት አስፋፉ፤ ያስፋፉትም በመንዙማ፣ በዱዓና በማስታረቅ ነበር። ጦር አልነበራቸውም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ካቶሊኮች በእምድብር ሥር ሰደዱ፤ ቁጥራቸው ከዞኑ ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን ከወልቂጤ አቅራቢያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት የአጣጥ ሆስፒታል ወላድ ሲቀበል ሃይማኖቷን አይጠይቅም። በ1996 ዓ.ም. ሀገረ ስብከት የሆነው የእምድብር ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሰው በግዕዝ ሥርዓት ነው፤ የኦርቶዶክስ ምእመን ቆሞ ቢሰማው ዜማው አይጠፋውም። ሱስንዮስ በዐዋጅ ያጣውን ተቀባይነት እነዚህ ካቶሊኮች በትምህርት ቤትና በሕክምና አገኙት።

ወንጌላውያኑ የዚህ ጥያቄ ከባዱ ምዕራፍ ናቸው። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ኤስ አይ ኤም የተባለውን የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ሰዎች ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 50 አይሞሉም ነበር፤ ሚሲዮናውያኑ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ ገደማ አማኝ እንዳገኙ ጽፈዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከሕዝቡ 10 በመቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ 18.5 በመቶ ደረሰ። በዚያው ጊዜ ኦርቶዶክሱ ከ50.6 ወደ 43.5 በመቶ ወረደ። መካነ ኢየሱስ፣ ቃለ ሕይወት፣ ሙሉ ወንጌል፣ መሠረተ ክርስቶስ እያለ ከሁሉ በላይ የተከፋፈለው ወገን ከሁሉ በላይ አደገ ማለት ነው። ለኦርቶዶክሷም ቢሆን ፉክክሩ ትምህርት ሆኗታል፤ በሰንበት ትምህርት ቤቶች የጠነከረውን የአማርኛ ስብከትና በ1980ዎቹ የተመሠረተውን የማኅበረ ቅዱሳንን እንቅስቃሴ ያለዚህ ፉክክር ማሰብ ይከብደኛል።

ቢሆንም የቁጥር ዕድገትን የሃይማኖት ጥንካሬ ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ። ቤተ እምነት በየመንደሩ ሲበዛ ራሱን ነቢይ ብሎ የሚሾመው ሰውም ይበዛል፤ የሚገሥጸው ሽማግሌ ግን ያንሳል። በዚህ ረገድ ወንጌላውያኑ በ2012 ዓ.ም. ምክር ቤታቸውን በሕግ ዕውቅና ማስገኘታቸው ትልቅ እርምጃ ነው። ሙስሊሙም በሱፊና በሰለፊ፣ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በአሕባሽ ትምህርት ሳቢያ ከመንግሥት ጋር ጭምር ሲታመስ ከርሞ፣ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ዑለማዎቹ በአንድ መድረክ ተቀምጠው ለመተባበር ተስማሙ።

በቅርቡ ያየነው መለያየት ደግሞ ከጉራጌ ደጃፍ ነው። በጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ ሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። የተነሳው ጥያቄ የቋንቋና የአስተዳደር እንጂ የዶግማ አልነበረም። በነነዌ ጾም ምእመኑ ጥቁር ለበሰ፤ በሻሸመኔ ሰው ሞተ። በየካቲት 8 ስምምነት ላይ እስኪደረስ ድረስ አገር በጭንቅ ላይ ነበረ። ስለ ቅዳሜ ሰንበት መቶ ዓመት የተከራከሩት መነኮሳት ገዳም ትተውልን ሄደዋል። ከወሊሶው መለያየት የቀረልን ሐዘን ብቻ ነው።

ወደ ጉንችሬ ልመለስ። የጉራጌ መንደር ጀፎረ የሚባል ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ ጎዳና አለው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ወደ እርሱ ይመለከታሉ። አጥር እያስገፋ ጀፎረን ለመቁረጥ የሞከረ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ ከብት የሚሰማራበት፣ ሰርግ የሚጨፈርበት፣ ልቅሶ የሚቀመጡበት የሁሉም ቦታ ነውና። ለመስቀል ክርስቲያኑ፣ ለአረፋ ሙስሊሙ ከአዲስ አበባ ይመለሳል። ሥጋው በየሃይማኖቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ቆጮውና ጎመኑ ግን ከአንድ ቤት ሊወጣ ይችላል። ጠብ ቢነሳ በሰባት ቤት ባህላዊ ሕግ፣ በጆካ ቂጫ፣ የሚዳኘው ሽማግሌ የተከሳሹን ጎሳና ጥፋት እንጂ የሚጸልይበትን ቦታ አይመዝንም። ሰባት ቤት አራት አምስት ሃይማኖት ተሸክሞ ያልፈረሰው ከሃይማኖቶቹ ሁሉ የሚቀድም ይህ የጋራ ሥርዓት ስላለው ይመስለኛል።

ይህ ሥርዓት ዛሬ የሚፈተነው በቀብር ላይ ነው። በአገራችን በብዙ ከተሞች ሃይማኖት የቀየረ ሰው ሲሞት አስከሬኑ የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ሲንገላታ፣ እድርተኛው «የእኛ አይደለም» ሲል ሰምተናል። በጉራጌ ከተሞች ያላችሁ የእድር ዳኞች፣ የጆካ ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ ሼኾችና ፓስተሮች፣ ከከተማ አስተዳደሮቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ለሁሉም የሚበቃ የቀብር ቦታ አስከልሉ። ሟች ጎረቤታችሁ በየትኛውም ቤት ቢጸልይ ልቅሶው እንዳይለይ በእድር መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ጻፉት። ይህን ለማድረግ ጠብ እስኪነሳ አትጠብቁ።