ኅብረት ያጣ የኅብረት ቤት

በቆቦ ሽማግሌዎች አፍ «ከጦርነቱ በፊት» ማለት ጥሊያን ከመግባቱ በፊት ማለት ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር ድል ሲሆን ወራሪው ወደ ደሴ ገሰገሰ፤ በአላማጣና በቆቦ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን የመኪና መንገድም ሠራ። ያ መንገድ ብዙ የራያ ሰው አዲስ አበባ አድርሷል፤ እኔንም ጭምር። እዚያ ያገኘኋቸው «ከጦርነቱ በፊት» የተሠሩ ቤቶች ናቸው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ፒያሳ ስሟ የጥሊያን ይሁን እንጂ አራዳነቷ ከጥሊያን ይቀድማል። አርመኖች፣ ሕንዶች፣ ግሪኮችና የአገር ልጆች የሠሯቸው፣ ምድር ቤታቸው ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨትና ጭቃ፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ቤቶች ነበሯት። ንጉሡ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲለቁ የተነሣው ዘረፋና ቃጠሎ ብዙውን በላ። የተረፈው ተርፎ አርባ ዓመት ያህል የነጋዴና የመኳንንት መኖሪያ ሆኖ ቆየ።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ። ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጡ። አንባቢ ሆይ፣ «ኅብረት ሥራ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ።

በኒው ዮርክ ባለጸጎች ሰፈር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ሰፋፊ አፓርታማዎች አሉ። ብዙዎቹ የኅብረት ሥራ ቤቶች ናቸው። ነዋሪው የሕንፃው ባለቤት በሆነው ማኅበር ውስጥ አክሲዮን ይገዛል፤ ድምፅ ይሰጣል፤ ለጣሪያውና ለቧንቧው በየወሩ ያዋጣል። ጣሪያው ቢያፈስ የሁሉም ገንዘብ ነው የሚፈሰው።

የእኛ ኅብረት ከቃሉ አላለፈም። ውለታውን አልክድም፤ ኪራይ ተቀንሷል፣ ድኻው በከተማው እምብርት ልጆቹን አሳድጓል፣ ዕድርና የቡና ጉርብትና በአንድ ግቢ ጸንቷል። ነገር ግን ተከራዩ አይሸጠው፣ አያወርሰው፣ ያለ ፈቃድ አያድሰው። ለአሥርት ዓመታት እምብዛም ያልተነቃነቀው ኪራይም ለጥገና የሚበቃ አልነበረም። ሰፊው ሳሎን በጣውላና በአቡጀዴ ተከፍሎ ቤተሰቦች ተጋሩት፤ አንዱ ወጥ ቤት ለብዙ ምድጃ፣ አንዱ ሽንት ቤት ለብዙ ሰው ሆነ።

አዋጁ ለከተማ ሁሉ ነበርና ቆቦን የመሰሉ ትንንሽ ከተሞችንም ነክቷል። ልዩነቱ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። የጭቃ ቤት ተከራይ ክረምቱ ሲወጣ ጭቃ አቡክቶ ግድግዳውን ይመርገዋል፤ አቅሙም እጁም ይበቃዋል። የፎቅ በረንዳ ግን በአንድ ተከራይ አይጠገንም። ከላይ ያለው ቢጠግን ከታች ያለው ይጠቀማል፤ ከታች ያለው ምሰሶ ቢበሰብስ ከላይ ያለው ይወድቃል። ለእንዲህ ያለው ቤት እውነተኛ ኅብረት የግድ ነበር፤ የጎደለውም እርሱው ነው። ባለቤቱ ተነጠቀ፤ ነዋሪው ደግሞ ባለቤት አልሆነም።

ዕዳው በ2016 ዓ.ም. ተከፈለ። የኮሪደር ልማት ሲጀመር ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌላ ሰፈር ተበተኑ። ቤቶቹን አይቶ «አርጅተዋል» ማለት ቀላል ነበር፤ እውነትም አርጅተው ነበር። ግን ያረጁት በዕድሜ ብቻ አይደለም። ግማሽ ምዕተ ዓመት በውስጣቸው የኖረው ሰው የመጠገን መብትም የመጠገን ዕዳም ሳይሰጠው በመቆየቱ ነው።

ዛሬም የቆሙ ጥቂት አሮጌ ቤቶች አሉ። በራቸው ላይ «ቅርስ» ብሎ መለጠፍ ዝናብ አያቆምም። ለነዋሪው ድርሻ ከነግዴታው ይሰጠው፤ ያኔ ጣሪያው ሲያፈስ መሰላል የሚያቆም ሰው አይጠፋም።