ጠመንጃ፣ ጎራዴና ሽጉጥ፦ የጎጃም አዳኝ ወደ ቆላ ሲወርድ ምን ይታጠቅ ነበር?



ባለፈው ጊዜ ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊት ትጥቅ ተናግሬ ከመድረኩ ስወርድ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። «መምህር፣ ወደ ዓባይ በረሃ ለአደን የሚወርድ ሰው ያን ረጅም ጠመንጃ ተሸክሞ ገደል ለገደል ከሚንገላታ፣ ራሱን ለመጠበቅ ሽጉጥ ቢይዝ አይቀለውም ነበር?» አለኝ። ፈገግ ብዬ ላልፈው ነበር። ቤቴ ስገባ ግን የረባ መልስ እንደሌለኝ ተረዳሁ። ስለ ዐድዋ መድፍ ስንጽፍ ኖረን አንድ ገበሬ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ወገቡ ላይ ስለሚያስረው ነገር ምን ያህል ጥቂት እንደጻፍን የታየኝ ያን ጊዜ ነው። የዛሬው ንግግሬ ለእርሱ ያዘጋጀሁት መልስ ነው።

ከቃሉ ልጀምር። «ጠመንጃ» ወይም «ጠበንጃ» የምንለው ስም በዐረብኛ በኩል ከቱርክ «ታባንጃ» የመጣ ነው ይባላል፤ ቱርኮች ግን በዚህ ቃል የሚጠሩት ሽጉጥን ነው። ቃሉ በመንገድ ላይ አፈሙዙ ረዝሞ ደረሰን ማለት ነው። አጭሩን መሣሪያ ስም ያወጣንለት ከራሳችን ግሥ ነው፤ ሸጎጠ፣ ሽጉጥ። በልብስ ሥር የሚገባ፣ የማይታይ። ጠመንጃ በትከሻ ላይ ሆኖ ባለቤቱን ከሩቅ ያሳውቃል፤ ሽጉጥ ባለቤቱን ይደብቃል። ይህን ልዩነት አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሽጉጥ ወደ አገራችን የገባው ግን ተሸጉጦ አልነበረም። በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሽጉጥ ታጥቆ ነበር የሚጓዘው፤ በጎንደር ዝናው የገነነው ግን የሻማ ጧፍ በጠመንጃ ተኩሶ ጋሻ በማብሳቱ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ ጥንድ ሽጉጥ በስጦታ ላከች፤ ለቆንስሏ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የተላከ ምስጋና ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያሳለፉት በዚሁ ስጦታ ነው። በታሪካችን ስሙ በጣም የሚነሣው ሽጉጥ የንጉሥ ገጸ በረከት ነበር፤ አውሬ አልተተኮሰበትም።

አሁን ወደ አዳኙ። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ጎጃሜው ገበሬ ሊያገኘው ይመኝ የነበረው ውጅግራን ነበር፤ ስሙ ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» የመጣ፣ በ1874 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ 11 ሚሊሜትር አረር የሚተፋ ጠመንጃ። እርሱንም ማግኘት ቀላል አልነበረም። ውጅግራ ካዝና የለውም። አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። የቆሰለ ነብር ግን ይህን ሁሉ ቆሞ አይጠብቅም። የተማሪዬ ጥያቄ ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ባለችው ቅጽበት አዳኙ በእጁ ምን ነበረው?

ጎራዴ ነበረው። ጦርም ነበረው። የአያቴ ወንድም ግራ ክንዳቸው ላይ ከትከሻ እስከ ክርን የሚወርድ ጠባሳ ነበራቸው፤ እኔ ልጅ ሳለሁ እጀታቸውን ሰብስበው ያሳዩን ነበር። ውጅግራቸው አንዴ ጮኸ፣ ነብሩ ቆሰለ እንጂ አልወደቀም፤ ክንዳቸውን በጋቢ ጠቅልለው ለአፉ ሰጡትና በቀኝ እጃቸው ጎራዴ መዘዙ። ታሪኩን በተናገሩ ቁጥር ነብሩ ትንሽ ትንሽ ያድግ ነበር፤ ጠባሳው ግን ያው ነበር። ይህ የቤተሰብ ወሬ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እ.ኤ.አ. በሰቲት ወንዝ አካባቢ ሲጓዝ የሐምራን ዐረቦች ዝሆንን በሰይፍ ቋንጃውን ቆርጠው ሲጥሉ አይቶ ጽፏል፤ ከባድ ጠመንጃ ይዞ የሄደ ሰው ነው እንዲህ የተደነቀው። በክንድ ርቀት ላይ ስለት ጥይት አያልቅበትም፣ አይከሽፍም።

በዚህ ላይ የጉልበት ስሌት አለ። የውጅግራ አረር 25 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ20ኛው ምእተ ዓመት መባቻ ቤልጂግ ትሠራው የነበረው 7.65 ብራውኒንግ ሽጉጥ አረር 5 ግራም እንኳ አይሞላም፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 300 ሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱን በፊዚክስ ቀመር ብታሰሉት የመጀመሪያው ከአሥር እጥፍ በላይ ይመታል። ዛሬ በአሜሪካ ድብ በሚበዛበት ጫካ የሚያድኑ ሰዎች ለመጠባበቂያ ትልቅ ሽጉጥ ይታጠቃሉ፤ ይህን ልማድ ያጠናከረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣው «44 ማግነም» የሚባለው ጥይት ነው። እርሱም ቢሆን ጉልበቱ ከአሮጌው ውጅግራ ግማሽ ብዙም አይበልጥም። አያቶቻችን ያልመረጡት እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ሳይሆን ደካማውን መሆኑን ግን በእውነት ልመስክር።

ከጉልበቱ ይልቅ ወሳኙ ጥይቱ ይመስለኛል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የጠመንጃ ጥይት በገበያ እንደ አሞሌ ጨው ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ይሠራ ነበር። አዳኝ አንድ ጥይት ሲተኩስ ገንዘብ ይበትናል፤ ስለዚህ ቀለሁን ለቅሞ ይመለሳል፣ በአገር ባሩድና በእርሳስ እንደገና ይሞላዋል። የውጅግራ ቀለህ በየገበያው ይገኛል። የሽጉጥ ጥይት ግን ልኩ እንደ ሠሪው ፋብሪካ ይለያያል፣ ገበያ ላይ አይመነዘርም፣ ትንሿን ቀለህ መሙላትም ያስቸግራል። ጥይቱ ያለቀበት ሽጉጥ ከዱላ ያንሳል።

ታዲያ ሽጉጥ ማን ታጠቀ? መኳንንቱ፣ ሹማምንቱ፣ ኋላም የጦር መኮንኖችና የሩቅ ነጋዴዎች። እነዚህ የሚፈሩት አውሬ አልነበረም። ሽጉጥ ከአደን ሳይሆን ከአደባባይ፣ ከግብዣ፣ ከመኝታ ቤት ጋር የተያያዘ መሣሪያ ሆኖ ነው በእኛ ዘንድ ያደገው። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ ጠመንጃ ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁሉም እያየው ነው፤ ሽጉጥን ማን ያንጠለጥለዋል? «ሸጎጠ» የሚለውን ግሥ አስታውሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገባ ቀዳሚ ሥራው ጠመንጃ ማስፈታት ነበር፤ የጎጃም ገበሬ በ1929 መጨረሻና በ1930 ዓ.ም. በብዛት ወደ ዱር የወረደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በዚያ ዘመን አርበኛና አዳኝ አንድ ሰው ነበሩ፤ ያው ቆላ፣ ያው ዋሻ፣ ያው ዝናር። ከጠላት በተማረከው ምንሽር (ስሙ ከ«ማንሊከር» የመጣ ይመስለኛል) ስድስት ጥይት አንድ ላይ ይጎርሳል። ከውጅግራ የመጀመሪያ ጥይት በኋላ የነበረችው አስፈሪ ቅጽበት በዚህ ተዘጋች፤ ጎራዴው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ሽጉጥም ሊሞላው ይችል የነበረው ክፍት ቦታ ሳይሞላው ጠፋ። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ ከቅሬታዎቹ መካከል የጠመንጃ ምዝገባ ነበረበት። ስለ ሽጉጥ ሲከራከር አልሰማንም።

አሁን የምንኖረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር ነው፤ የአደኑም ዘመን አልፏል፣ የቆላው አውሬም ተመናምኗል። ተማሪዬ ለምን እንደጠየቀኝ አልጠየቅሁትም። ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣ ይሁን ከቤቱ አላውቅም፤ በዚህ ዘመን በዚህ አገር አንድ ወጣት «ራስን ለመጠበቅ ሽጉጥ» ሲል መምህሩ ቀና ብሎ ማየት ነበረበት፤ ያን ቀን አላየሁትም።

ለማንኛውም ጥያቄውን ይዤ ከደጀን በታች ወዳሉ አንድ የቀድሞ አዳኝ ወረድሁ። «አባቴ፣ ያን ጊዜ ምርጫ ቢሰጥዎት ሽጉጥ ይይዙ ነበር?» አልኋቸው። ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ ዝም አሉ፤ ቆይተው «ልጄ፣ ለነብር ነው ወይስ ለሰው?» አሉኝ። ለነብር አልኋቸው። «ለነብርማ ውሻ ነው» አሉና የሁለቱን ውሾቻቸውን ስምና ጠባይ ሲያጫውቱኝ መሸ።