በነፍስ አባት ፊት

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ ሄሮን የሚባል አረጋዊ መነኩሴ ነበረ። 50 ዓመት በጾምና በብሕትውና ኖሯል። ጾሙ እንዳይጎድልበት ብሎ በፋሲካ ቀን እንኳ ከወንድሞቹ ጋር ማዕድ አይቀርብም ነበር። በመጨረሻ ሰይጣን በብርሃን መልአክ አምሳል ታየው፤ ከጽድቅህ ብዛት የተነሣ ምንም አይነካህም ያለውን አምኖ ራሱን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ጣለ። ወንድሞቹ በብዙ ድካም አወጡት፤ በ3ኛው ቀን ሞተ። እስኪሞት ድረስ ግን ያየው ከእግዚአብሔር እንዳልነበረ ሊያስረዳው የቻለ ሰው አልተገኘም። ታሪኩን ያቆየልን በዚያው ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ ግብፅ ወርዶ ከአበው እግር ሥር የተማረው ዮሐንስ ካስያን ነው።

ሄሮን ጸሎት አላነሰውም፣ ጾምም አላነሰውም። ያነሰው «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ታየኝ፤ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው። የበረሃው አበው እንዲህ ያለውን አደጋ ስለሚያውቁ ጠንካራ ልማድ ነበራቸው፤ ጀማሪ መነኩሴ በልቡ የሚመላለሰውን ሐሳብ ሁሉ፣ ተራ የሚመስለውን ሳይቀር፣ ለአረጋዊው ይገልጣል። ታላቁ አባ እንጦንስም የምንኩስና ጥሪውን የሰማው ለብቻው በዋሻ ውስጥ አይደለም። በ270 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ የሚለው ወንጌል ሲነበብ ደረሰ፤ ለሁሉ የተነበበውን ለራሱ እንደተነገረ ቆጥሮ ተቀበለው። ከዚያም ሮጦ ወደ በረሃ አልገባም። በአጎራባች መንደር በብሕትውና የኖረ ሽማግሌ ስለነበር መጀመሪያ የእርሱን አካሄድ እያየ ተማረ።

የእንጦንስ ገድልና የጳኩሚስ ሥርዓት ገና በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ ተተርጉመው ወደ እኛ ገዳማት ደረሱ። መነኩሴ ለአበ ምኔቱ ልቡን የሚገልጥበት ልማድ ግን በጊዜ ብዛት ከገዳም ወጥቶ ወደ ገበሬው ጎጆ ገባ። እዚህ ላይ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ስም ይነሣል። ንጉሡ ሰው ሁሉ ጠንቋይ ቤት መመላለሱን እንዲተው ፈልገው እያንዳንዱ ክርስቲያን የነፍስ አባት እንዲይዝ አዘዙ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የጨነቀው ሰው የሚሄድበት ደጅ ሳይሰጡት ከጠንቋይ ደጅ መከልከል ከንቱ ድካም ነውና። አፈጻጸማቸው ግን ያሳዝነኛል። ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን በእጁ ላይ እንዲጽፍ ተገደደ፤ የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ በባዕድ አምልኮ ተከሰው ተገርፈው ሞቱ። ጆሮ በጅራፍ አይከፈትም። ልማዱን ሥር ያስያዙት ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት በየቤቱ ደጃፍ መስቀላቸውን ይዘው የቆሙት የገጠር ቀሳውስት ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በእኛ ቤት፣ ጎጃም ውስጥ፣ የነፍስ አባታችን እንደማንኛውም ጎረቤት የሚያርሱ ባለትዳር ቄስ ነበሩ። በዓመት በዓል ቤቱን ጸበል ይረጫሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ሲሞት ይፈታሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያዳምጣሉ። አያቴ ከባሏ ወንድም ጋር በወሰን ተጣልታ በነበረ ጊዜ ሟቹን ባሏን በሕልሟ አየችው፤ «መሬቴን አታስነኪ» አላት። ከእግዚአብሔር የመጣ ምልክት ነው ብላ ፍርድ ቤት ልትሄድ ተነሣች። ቄሱ ጠላቸውን ሳይነኩ እስከ መጨረሻው ሰሟትና «ልጄ፣ ከሕልሙ በኋላ ልብሽ ዐረፈ ወይስ ተቆጣ?» አሏት።

«ተቆጣ እንጂ አባቴ።»

«እንግዲያው ሰባት ቀን ቆዪ። ስለ መሬቱ ለማንም አታውሪ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሚ፤ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ይነበብልሽ።»

አንባቢዋ እኔ ነበርሁ። ዳዊቱን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቼ የዕለቱን ድርሻ እደግምላታለሁ፤ መዝሙሩ ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ስለሆነ ከሰኞ የጀመረ ሰው ቅዳሜ 150ውን ይጨርሳል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግዕዝም አታውቅም፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ስዘል «ተመለሽ» ትለኛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራ ዜማው በጆሮዋ ተቀርጿል። ቅዳሴው፣ ስንክሳሩ፣ ተአምረ ማርያሙ፣ ሁሉም ወደ እርሷ የገባው በጆሮ ነው። ስለዚህ በሕልም የመጣው ድምፅ ከዚያ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር እንግዳ ሆኖባት መሆን አለበት። በስምንተኛው ቀን ለባሏ ወንድም ሽማግሌ ላከች። ወሰኑ ላይ ድንጋይ ተተከለ፤ ከፈለገችው ጥቂት ጎደለባት፤ ደግማ አላነሣችውም።

ዛሬ በአዲስ አበባ አንድ ካህን ስንት የነፍስ ልጅ እንዳላቸው ለማስታወስ ይቸገራሉ። ዋሽንግተንና ዱባይ ያለው ልጃቸው በስልክ ይናዘዛል፤ ይህም ጨርሶ ከመቅረት እጅግ ይሻላል። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ቪዛው ይሳካ እንደሆነ፣ ያቺን ልጅ ያግባ እንደሆነ አሁኑኑ የሚነግረው ሰው ፍለጋ ከአንዱ አጥማቂ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ነቢይ ነኝ ባይ ወደ ሌላው የሚዞረው ሰው ብዛት። ይህ ሰው እግዚአብሔርን ለመስማት የጓጓ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን መልሱን እንጂ ሰባቱን ቀን አይፈልግም፤ ነገ ቤቱ መጥቶ የሚጠይቀው፣ ከማን ጋር እንደተጣላ የሚያውቅ ካህንም አይፈልግም።

የእኔ የነፍስ አባት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጆሯቸውም ደክሟልና በስልክ መጮህ አለብኝ። ምክር ፈልጌ ስደውል ጉዳዬን ከመስማታቸው በፊት «ከማን ጋር ተኳርፈሻል?» ይሉኛል። ያንን ሳልመልስ ወደ ሌላ ነገር አይገቡም።