የነጻ ሙዚቃ መጽሔቶች ጥራትና ባለቤትነት



የነጻ ሙዚቃ መጽሔቶች ጥራት ወረደ የሚለው ወቀሳ ከመጽሔቶቹ ዕድሜ የማያንስ ነው። ወቃሾች አብዛኛውን ጊዜ ጣታቸውን የሚቀስሩት በጸሐፊዎቹ ላይ ነው፤ የቀድሞዎቹ ሊቃውንት፣ የኋለኞቹ ደካሞች ይባላሉ። እኔ ግን የጥራቱን መለዋወጥ ከባለቤትነትና ከገቢ ምንጭ ጋር አያይዤ ላስረዳ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1966 የ17 ዓመቱ አሜሪካዊ ተማሪ ፖል ዊልያምስ «ክሮዳዲ»ን በማባዣ መሣሪያ አባዝቶ አወጣ። በዚያ ዘመን ስለ ሮክ ሙዚቃ የሚጻፈው በአመዛኙ የዘፋኞች ወሬና የሽያጭ ደረጃ ነበር። ዊልያምስ ግን ዘፈኑን ራሱን እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ መረመረ። በ1976 ደግሞ ለንደን ውስጥ የባንክ ሠራተኛው ማርክ ፔሪ «ስኒፊን ግሉ»ን በጽሕፈት መኪናና በእጅ ጽሑፍ አዘጋጀ። የፊደል ግድፈትና ስርዝ ድልዝ ይበዛዋል፤ ሆኖም የፐንክ ሙዚቃን እንቅስቃሴ ገና ሲወለድ፣ ከውስጥ ሆኖ መዝግቧል። በቀጣዩ ዓመት ሕትመቱን ያቆመው ራሱ ፔሪ ነው። ከዚህ የምንረዳው ነጻነት ብቻውን የጠራ ጽሑፍ እንደማይወልድ ነው። ነጻነት የሚሰጠው ማንንም ሳያስፈቅዱ የመፍረድን ሥልጣን ነው።

ይህ ሥልጣን የሚፈተነው መጽሔቱ ሲያድግ ነው። ለጸሐፊ፣ ለወረቀትና ለማተሚያ ቤት ገንዘብ ያስፈልጋል። ማስታወቂያ ይዘው የሚመጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራቸው የሚተቸው የሙዚቃ ኩባንያዎች ናቸው። ሐያሲው በሚተቸው ሰው ማዕድ ይቀመጣል።

ሁለት መጽሔቶችን እናነጻጽር። «ፒችፎርክ»ን በ1990ዎቹ አጋማሽ ራያን ሽሬይበር የተባለ ወጣት በአሜሪካ ሚኒሶታ ጀመረው። የኢንተርኔት መጽሔት ነበር፤ ለአልበሞች ከ10 የሚሰጠው ነጥብ የሚወደድም የሚፈራም ሆነ። በ2015 ኮንዴ ናስት የተባለው ግዙፍ አሳታሚ ገዛው። ጽሑፎቹ ወዲያው አልተበላሹም፤ ጠንካራ ሂሶች መውጣታቸውን ቀጠሉ። የተለወጠው የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ነበር። በጥር 2024 ባለቤቱ መጽሔቱን «ጂኪው» ከተባለው የወንዶች መጽሔት ሥር ሲያዛውረው፣ ለዓመታት የደከሙ ባልደረቦች ከሥራ ተሰናበቱ።

«ዘ ዋየር» በ1982 ለንደን ውስጥ የጃዝ መጽሔት ሆኖ ተመሠረተ። በመካከሉ በአንድ የአሳታሚ ቡድን ሥር ቆየ፤ በ2000 ግን የራሱ ሠራተኞች ገዙት። ዛሬም ገበያ የማያውቃቸውን ሙዚቀኞች ሥራ በረዥሙ ይመረምራል። የአንባቢው ብዛት መጠነኛ ነው፤ ሚዛኑ ግን በአዘጋጆቹ እጅ ነው።

ባለቤትነት ችሎታን አይፈጥርም፤ ችሎታ የሚሠራበትን ጊዜና ድፍረት ግን ይጠብቃል ወይም ይነጥቃል። ይህ ለእኛ ለታሪክ ተመራማሪዎች ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሸክላው ምን እንደተዘፈነ ይነግረናል፤ ዘፈኑ በዘመኑ ጆሮ እንዴት እንደተደመጠ የሚነግረን ግን መጽሔቱ ነው። ሂሱ ወደ ማስታወቂያ ከተለወጠ፣ ነገ የምንመረምረው መዝገብ ራሱ ማስታወቂያ ይሆናል። ስለዚህ አንድ የቆየ የሙዚቃ መጽሔት እጃችሁ ሲገባ፣ ሂሶቹን ከማንበባችሁ በፊት የአሳታሚውን ስምና የማስታወቂያ ገጾቹን አስተውሉ።