የቆራጣዎቹ ሁለት እናቶችና የልጆች ሥዕል

የጣና ዳር ልጅ ፊደል ሳይቆጥር በፊት የሚያነበው መጽሐፍ ነበረው፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በደቅ ደሴት የናርጋ ሥላሴ መቅደስ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው። ሠዓሊዎቹ በግድግዳው ላይ ሸማ ለጥፈው ጊዮርጊስን ከነዘንዶው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶችና በነብሮች መካከል ሥለውበታል። እነዚህን ሥዕሎች ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ሥርዓት ያገኛል። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣኑና አሳዳጁ ግን በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ሕፃን ማንን መውደድ፣ ማንን መፍራት እንዳለበት ከዚህ ይረዳል። የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ዛሬም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ እዚህ ሐይቅ ዳር የኖሩት የሁለት ሴቶች ፍቅር ለልጆች በሥዕል ይነገር ወይስ አይነገር የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ይነገር ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ከአንዷ ገድል ይነሣል።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1592 እ.ኤ.አ. ከመኳንንት ቤት ተወለደች። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር፤ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበለበት ዘመን ባሏ በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን ግድያ እጁ እንዳለበት ስታውቅ ትዳሯን ትታ መነኰሰች። ገድሏን በ1672 እ.ኤ.አ. የጻፈው አባ ገላውዴዎስ፣ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ የሚያውቋትን ሰዎች እየጠየቀ ነው ያሰናዳው። ታዲያ ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ በቀላሉ የማይታለፍ ቦታ አለ፤ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የተገናኘችበት። እኅተ ክርስቶስም ባሏንና ልጇን ትታ የመነኰሰች ሴት ናት። ገላውዴዎስ እንደሚተርከው ሁለቱ ገና ከሩቅ ሲተያዩ ፍቅር በሁለቱም ልብ አደረ፤ ተቀራርበው ሰላም ሲባባሉም ከድሮ ጀምሮ የሚተዋወቁ ይመስሉ ነበር። እስከ ሞት ላይለያዩም ቆረጡ። ጸሐፊው ይህን ሲተርክ አላፈረም፣ አልሸሸገም፤ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው ብሎ መዘገበው። በገድላት መካከል ለሁለት ሴቶች ፍቅር እንዲህ ያለ ቦታ መስጠት የተለመደ አይደለም።

ተቃውሞው የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር ገድሉን በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ሲያሳትሙ፣ ወለተ ጴጥሮስ ወጣት ሴት መነኮሳትን አይታ የምታዝንበትን ክፍል የሥጋ ፍትወትን የሚናገር አድርገው ተረጐሙት፤ ቤልቸርም የሁለቱን እናቶች ፍቅር በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ዓይን አነበበችው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቆጡ። ከነርሱም መካከል ምሁሩ ይርጋ ገላው ትርጉሙ የተዛባና የቅኝ ገዥ አመለካከት ያለበት ነው ሲሉ በጽሑፍ ሞገቱ። ቁጣው መሠረት አለው፤ በጾምና በስግደት የኖረችን ቅድስት ሌላ ዓለም ባበጀው ስም መጥራት ተገቢ አይደለም፤ ገድሉ ራሱም የሥጋን ፍትወት አያወድስም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ "እንዲያው የማኅበር ጓደኛሞች ነበሩ" ብሎ ማለፍም ገላውዴዎስን መካድ ነው። በሥጋም ሆነ በመንፈስ፣ ሁለት ሴቶች አንዳቸው ለሌላቸው የዕድሜ ልክ ባልንጀራ ሆነው መኖራቸውን፣ የመነኮሳት ማኅበራቸውም ይህን ተቀብሎ በክብር ማስጻፉን የትኛውም ወገን ሊያስተባብል አይችልም። ልጅ ይህን ለማወቅ የሊቃውንቱ ክርክር እስኪቋጭ መጠበቅ የለበትም።

ሌላው ተቃውሞ ነገሩ የባዕድ ነው የሚል ነው። የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን የሚያሳዩ የልጆች መጻሕፍት በውጭ አገር መታተማቸው እውነት ነው፤ ግን እዚያም ቢሆን ሁሉም በእልልታ አልተቀበላቸውም። ሱዛና ቦሽ በ1981 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ያሳተመችው መጽሐፍ ከአባቷና ከአባቷ የፍቅር ጓደኛ ጋር የምትኖርን የአንዲት ትንሽ ልጅ የዕለት ኑሮ በፎቶግራፍ የሚያሳይ ነው፤ ልብስ ማጠብ፣ ልደት ማክበር፣ ይህን የመሳሰለው። በእንግሊዝኛ ከወጣ በኋላ ያስነሣው ጩኸት ብሪታንያ በ1988 እ.ኤ.አ. የአካባቢ አስተዳደሮች ግብረ ሰዶማዊነትን እንዳያበረታቱ የሚከለክል ድንጋጌ ለማውጣቷ አንዱ ምክንያት ሆነ፤ ድንጋጌው እስኪሻር ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። ፍርሃቱም ክርክሩም የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በእኛ አገር የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ አሁን የሚሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋሉ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ ሁለት እናቶች ተዋደው መኖራቸውን ለልጅ መንገርን አይመለከትም።

ስለ ሕጉ ያለንን አሳብ ለጊዜው እንተወውና ልጆቹን እንይ። በየትኛውም ሰፈር፣ ዓባይ ማዶም ቢሆን፣ "ሴታሴት" ወይም "ወንዳወንድ" እየተባለ የሚያድግ ልጅ አይታጣም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አድገው እንደ እኩዮቻቸው ያገባሉ፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ጾታ ይወድዳሉ፤ ይህን በሰባት ዓመቱ የሚያውቅለት የለም። ስድቡና ዱላው ግን ያኔውኑ ይጀምራል። ሳናውቀው በአንድ ዓይን ሣልነው ማለት ነው። ይህን ስል ቅድስቲቱን የነዚህ ልጆች ምሳሌ ላደርጋት አይደለም፤ ከሌሎች ተለይቶ መዋደድና መከበር እዚሁ አገር ታሪክ እንዳለው ልጁ እንዲያውቅ ነው። ደግሞም በስሟ በቆራጣ የተመሠረተው ገዳም ከንጉሥ ቅጣት ለሸሸ ሰው መማጸኛ ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖሯል። በእርሷ ስም ለተማጸነ በሩ የተከፈተለት ሁሉ ከሳሾቹን የሚያስደስት ሰው አልነበረም።

የልጆቹ የሥዕል መጽሐፍ ቢዘጋጅ ሥዕሉ ከባዶ አይጀመርም፤ በሥዕል የተጌጡ የገድሏ የብራና ቅጂዎች አሉ፣ የጣና ሠዓሊዎችም ቀለም ዛሬም በግድግዳው ላይ ይታያል። የመነኮሳቱን ክፍል ለልጅ አላነሣበትም፤ ለአዋቂ የሚገባ ንባብ ነውና። ከሩቅ የተያዩበትን ግን ሁለቱንም በሙሉ ፊታቸው አሥዬ ሰፊ ገጽ እሰጠዋለሁ። መጽሐፉም በ1642 እ.ኤ.አ. በወለተ ጴጥሮስ ሞት አያልቅም። ከዚያ በኋላ ማኅበሩን የመራችው እኅተ ክርስቶስ ናት፤ በ1649 እ.ኤ.አ. እስክታርፍ ድረስ የባልንጀራዋን መንፈሳዊ ልጆች እየመገበች፣ ሥርዓቷን እየጠበቀች ኖራለች፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች የእርሷ ይሁኑ።